ቢጫውን ስላይም ሞልድ ፀሐይ ገደለብኝ? ጅማ ያላችሁ እስኪ እርዱኝ

ጂሬን_ዳገት · ሐምሌ 18፣ ምሽት

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከጂሬን ኮረብታ ስወርድ ከመንገዱ ገባ ብሎ የወደቀ የዋንዛ ግንድ ላይ አረፍ አልኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ቅርፊቱ በስብሶ ስለነበር ሳብ ሳደርገው ተላቀቀ፣ ከሥሩ ቢጫ ነገር ተዘርግቷል። የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ። የጎመን ቅጠል ገልብጣችሁ ስታዩት ጅማቱ እንደሚታየው ወፍራም መስመር አለው፣ ከሱ ቀጫጭኑ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ማራገቢያ ይሰፋል። ስነካው ቀዝቃዛ ነው፣ ያዳልጣል። ፈንገስ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ሳነብ ስላይም ሞልድ የሚባለው መሆኑን አወቅኩ።

ከነቅርፊቱ ቁራሽ ይዤ መጣሁ። ምሳ ሳጥን ውስጥ እርጥብ ሶፍት አንጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። አጃ ጣል አደረግኩለት፣ ያንን ለሾርባ የምንገዛውን። በማግስቱ ጠዋት ስከፍተው አጃው ላይ ወጥቶበታል። በአጉሊ መነጽር ወፍራሙን ጅማት ትኩር ብዬ ሳየው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ወደ አንድ በኩል ይነጉዳል፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ቀጥ ይልና ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ካየሁ በኋላ ማታ ማታ ሌላ ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቻላል። ሲያድግልኝ ለሁለት ሳጥን ከፈልኩት።

ከዚያ አጋሮ ለቅሶ ገጠመንና ስድስት ቀን ቆየሁ። እናቴ ቁም ሳጥኑን ልታጸዳ ገና ከመምጣቴ ሁለት ቀን በፊት ሳጥኖቹን አወጣቻቸው። አንዱን መስኮት ላይ አኖረችው። ሁለተኛውን በረንዳው ላይ ክዳኑን ገርበብ አድርጋ ተወችው፣ እዚያ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በቀጥታ ያርፍበታል።

ስመጣ የመስኮቱ ሳጥን ውስጥ ቢጫ የሚባል ነገር የለም። በምትኩ ጥቁር አዝሙድ በቀጭን እንጨት ላይ የተሰካ የሚመስል ትንንሽ ነገር በብዛት ቆሟል። ስነካው ጣቴ ላይ ጠቆር ያለ ዱቄት ተወ። የበረንዳው ደግሞ ደርቆ ብርቱካናማ ቅርፊት ሆኗል፣ ግድግዳ ላይ እንደደረቀ ቀለም።

ሁለቱም ሞቱ? ፀሐይ ናት? ወይስ አልትራቫዮሌት የሚሉት ጨረር? እናቴን አልወቅስም፣ እሷ ምን ታውቃለች። ግን በጣም ነው ያዘንኩት።

—

የመንደራው · ሐምሌ 18፣ ማታ

ወላሂ እኔም ልጅ ሆኜ ዓወቱ ወንዝ ዳር የበሰበሰ እንጨት ላይ አይቼው አውቃለሁ፣ ማንም ስሙን ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች አሉ፣ ዱቄቱን ቢተነፍሱት ችግር አለው?

—

የባዮሎጂ_መምህርት · ሐምሌ 19፣ ጠዋት

ጂሬን ዳገት፣ አይዞህ። የመስኮቱ አልሞተም። አፍርቷል።

መጀመሪያ ለመንደራው ልመልስ። ሰውን አያሳምምም፣ ግን ዱቄቱ ስፖር (እንደ ዘር ተበትኖ የሚራባበት) ስለሆነ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው አጠገብ አትክፈቱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያ ቢጫ መረብ ፕላስሞዲየም ይባላል። ስሙ ከወባ አምጪው ተሕዋስ ጋር አንድ ስለሆነ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይደነግጣሉ፣ ግን ሌላ ነገር ነው። እንስሳም አይደለም፣ ተክልም አይደለም፣ ፈንገስም አይደለም። የእጅህን መዳፍ የሚያክለው በሙሉ አንድ ሴል ነው። ውስጡ እጅግ ብዙ ኒውክለሶች (ዲኤንኤውን የያዙ የሴል እምብርቶች) አሉ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይከፈላሉ። ያንተው በአገላለጽህ ፋይሳረም የሚባለው ወገን ይመስላል፣ በቤተ ሙከራ በብዛት የሚጠናው ፋይሳረም ፖሊሴፋለም ነው። ፖሊሴፋለም ማለት ባለ ብዙ ራስ ማለት ነው፣ ያ ያየኸው አዝሙድ የሚመስለው ራሱ ነው።

ይህ ፍጥረት ብርሃንን የሚያየው እንደ ሆዱ ሁኔታ ነው። ጠግቦ እያደገ ሳለ ብርሃን ካረፈበት ይሸሻል። ቅርፊት ሥር፣ ቅጠል ሥር፣ ጨለማና እርጥበት ወዳለበት ይገባል። ሲራብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለጥቂት ቀናት ምግብ አጥቶ በጨለማ ከቆየ በኋላ ብርሃን ሲያገኝ ማደጉን ትቶ ወደ ስፖር ይለወጣል። ብርሃኑን ካላገኘ፣ ቢራብም ቢጫ ሆኖ ይቆያል፣ ወይም ይደርቃል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዳንኤልና ረሽ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህን በቤተ ሙከራ በሥርዓት አሳይተዋል፣ አራት ቀን ያህል ማስራብ፣ ከዚያ የተወሰነ ሰዓት ብርሃን።

ያንተን ታሪክ እይ። አራት ቀን ያለ አጃ በቁም ሳጥን ጨለማ ውስጥ፣ ከዚያ እናትህ መስኮት ላይ። ሳታውቀው ሙከራውን ሠርታልሃለች። እኔ ይህን ለማሳየት ስንት ጊዜ ሞክሬ ከሸፈብኝ መሰለህ!

ብርሃኑ ካረፈበት ከጥቂት ሰዓት በኋላ ነገሩ ቁርጥ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ አጃ ብትከምርለትም ወደ ቢጫው አይመለስም።

የበረንዳውን አትጣለው። ሲደርቅ ስክለሮሺየም የሚባል ቅርፊት ይሆናል፣ እንደ እንቅልፍ ነው። ውሃ ጠብ አድርግበትና ጨለማ ውስጥ መልሰህ አንድ ሁለት ቀን ጠብቅ። ቀስ ብሎ ከደረቀ ይነሳል። ፀሐይ ድንገት አድርቃው ከሆነ ግን ተስፋው ትንሽ ነው።

—

ጂሬን_ዳገት · ሐምሌ 19፣ ከሰዓት

መምህርት እግዜር ይስጥልኝ፣ እውነት ለመናገር አልቅሼ ልጥለው ነበር። ውሃ ጠብ አድርጌበታለሁ፣ ሳጥኑን ቁም ሳጥን ውስጥ መልሻለሁ። ለእናቴም ነገርኳት፣ ደስ አላት።

አንድ ያልገባኝ፣ ብርሃን ካስፈራው ለምንድነው ስፖሩን ለማውጣት ብርሃን የሚፈልገው?

—

የማና_ቡና · ሐምሌ 20፣ ማለዳ

እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። እኔ የምኖረው ማና ወረዳ ነው፣ እዚሁ ጅማ ዞን፣ ቡና ነው ሥራዬ።

እናንተ የምታወሩትን ነገር በየዓመቱ ክረምት አየዋለሁ። ከጓሮ የቡና ገለፈት ክምር አለ። ሁለት ሦስት ቀን ደህና ዝናብ ከጣለና ከዚያ ፀሐይ ብልጭ ካለች፣ ጠዋት ስነሳ ክምሩ ላይ ቢጫ አረፋ ወጥቶ አገኛለሁ። የተፈረፈረ እንቁላል ነው የሚመስለው፣ ትልቁ የእንጀራ ሩብ ያክላል። ማታ አልነበረም። ጠዋት ጉብ ብሎ ይገኛል። ከሰዓት ቀለሙ ይፈዛል፣ ላዩ ይሻክራል። በማግስቱ በዱላ ስነካው ቡናማ ዱቄት ይቦናል።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ሳሳ ከሚባለው ዛፍ ጥላ ሥር ያለው ክምር ላይ ሲወጣ አላየሁም፣ ሁልጊዜ ከላይ፣ በገላጣው በኩል ነው። ጨለማ የሚወድ ከሆነ ለምን ወደ ገላጣው ይወጣል? ደግሞስ ቡናዬን ይጎዳል? ጎረቤቴ በሽታ ነው ብሎ ኖራ ይነሰንስበታል።

—

የባዮሎጂ_መምህርት · ሐምሌ 20፣ ከሰዓት

ጋሼ እንደምን ዋሉ፣ የርስዎ ጥያቄና የጂሬን ዳገት ጥያቄ አንድ ነው፣ በአንድ እመልሳለሁ።

ያ እርስዎ የሚያዩት ፉሊጎ ሴፕቲካ የሚባል ወገን ይመስለኛል። ክምሩ ውስጥ፣ ገለፈቱ መሃል ተሰራጭቶ ሲበላ ይከርማል፣ ያኔ አያዩትም። የሚበላው ባክቴሪያ፣ የፈንገስ ስፖርና የበሰበሰ ነገር ነው። ቡናን አይነካም፣ ኖራው በከንቱ ነው የሚባክነው። ወደ ላይ የወጣ ዕለት መብላቱን ጨርሷል ማለት ነው። ስፖሩ ደርቆ በነፋስና በነፍሳት እንዲበተን ይፈልጋል፣ እርጥብ ክምር ውስጥ ተቀብሮ ቢያፈራ ማን ይወስድለታል? ስለዚህ ሲደርስ ራሱ ወደ ገላጣና ደረቅ ቦታ ይወጣል። ብርሃን የአደባባይ ምልክቱ ነው። ጨለማ ውስጥ ሳለ ውጭ መሆኑንና አለመሆኑን በምን ያውቃል? በብርሃን።

በነገራችን ላይ ቀለሙ ራሱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ግሬይ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ጥናት፣ ቢጫ ቀለም ያላቸው ስላይም ሞልዶች ለማፍራት ብርሃን እንደሚፈልጉ፣ ቀለም የሌላቸው ነጫጮቹ ግን በጨለማም እንደሚያፈሩ አይቷል። ስለዚህ ነጭ ካገኛችሁ ከዚህ ውይይት የሰማችሁትን ሁሉ እንዳለ እንዳትወስዱለት።

—

ቤተሙከራ_ረዳት · ሐምሌ 20፣ ማታ

መምህርት ስለ ብርሃን ጥሩ አድርገው አስረድተዋል። የዩቪውን (የአልትራቫዮሌቱን) ጥያቄ ግን ማንም አልነካውም፣ እኔ ልሞክር። ሥራዬ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለሆነ የዩቪ መብራት በየቀኑ ነው የማበራው።

ዩቪ ስንል ሦስት ነገር ነው የምናወራው። በሞገድ ርዝመት ዩቪ ኤ ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር፣ ዩቪ ቢ ከ280 እስከ 315፣ ከዚያ በታች ዩቪ ሲ። ዩቪ ሲ ከፀሐይ ቢወጣም ኦዞን እና አየሩ ይይዘዋል፣ መሬት አይደርስም። ሰዎች ጀርም ይገድላል የሚሉት እሱ ነው፣ መብራቱ 254 ናኖሜትር ላይ ነው የሚያበራው፣ ዲኤንኤ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚውጠው 260 አካባቢ ያለውን ነው። ጨረሩ ሲያርፍ በዲኤንኤው ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቲሚኖች (ከዲኤንኤ ፊደሎች አንዱ) ይጣበቃሉ። የተጣበቀ ቦታ ላይ ቅጂው ይደናቀፋል።

ፋይሳረም ለዚህ ጥናት የተመረጠበት ምክንያት አለው። ኒውክለሶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚከፈሉ፣ በአማካይ በየስምንትና አሥር ሰዓቱ፣ ሰዓት ይዘህ መጠበቅ ትችላለህ። ዩቪ ስታሳርፍበት ቀጣዩ መከፈል ይዘገያል። አይሞትም፣ ይዘገያል። ጉዳቱን ሳይጠግን አይከፈልም ማለት ነው። ይህን በሌላ ሴል ላይ ማየት ከባድ ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ስለሚሄድ።

ዩቪ ኤ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እሱና ሰማያዊው ብርሃን ለስላይም ሞልድ ከጉዳት ይልቅ መልእክት ናቸው። ጠግቦ ሳለ በጣም የሚሸሸው እነሱን ነው። የተራበውን ደግሞ ብርቱ ብርሃን ሲያርፍበት አንዳንዴ ሳያፈራ ይበታተናል። መረቡ ይቆራረጥና ወደ ትንንሽ ድቡልቡል ቁራሾች ይለወጣል፣ እያንዳንዱ ውስጥ ስምንት ገደማ ኒውክለስ ይገኛል። ጃፓኖች ናቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን የጻፉት። ሳነበው ማመን አቅቶኝ ነበር፣ ያ ሁሉ ነገር እኩል እኩል ተከፋፍሎ!

ስለዚህ ጂሬን ዳገት፣ የመስኮቱን ሳጥን ዩቪ ነካው ብለህ አታስብ። የመስኮት መስታወት ዩቪ ቢን ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል፣ የሚያልፈው ዩቪ ኤ እና የሚታየው ብርሃን ነው። በረንዳው ግን ሌላ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ በየ1,000 ሜትሩ ዩቪ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። በነሐሴ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ነው የምትቆመው። ደመና ሲገለጥ የሚወርደው ቀላል አይደለም።

—

አጂፕ_አካባቢ · ሐምሌ 21

ነገር አታወሳስቡት። ብርሃን ለዚህ ነገር መርዝ ነው፣ አለቀ። ጃፓኖች የቶኪዮን ባቡር መስመር እንዲስል ያደረጉት ሙከራ ላይ፣ ተራራና ባሕር ያለበትን ቦታ በብርሃን ነበር የዘጉት። አጃውን በየከተማው ቦታ አስቀምጠው፣ እንዳያልፍ የፈለጉበት ላይ ብርሃን አበሩ። መርዝ ባይሆን ለምን ይሸሸዋል?

—

የባዮሎጂ_መምህርት · ሐምሌ 21፣ ማታ

የቶኪዮው ሙከራ ትክክል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው የታተመው፣ ብርሃኑንም የተጠቀሙት እንዳልከው ነው። ግን አስተውል፣ ያ ፕላስሞዲየም አጃ እየበላ ነበር። የጠገበ ነው። የተራበ ቢሆን ኖሮ ያ ብርሃን መንገድ በመዝጋት ፈንታ ወደ ስፖር ይገፋው ነበር። አንድ ዓይነት ብርሃን፣ አንድ ዓይነት ፍጥረት፣ ልዩነቱ የሆዱ ነገር ነው። «መርዝ» የሚለው ቃል ይህን ይደብቅብናል፣ ለዚህ ነው የምከራከርህ።

ደግሞ የቀለሙ ጉዳይ አለ፣ እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ጀርመን ውስጥ ስታሮስትዚክና ማርዋን ያሳዩት ነገር አለ። የተራበውን ፋይሳረም ለማፍራት የሚያነሳሳው አንዱ ብርሃን ሩቅ ቀይ ነው፣ ዓይናችን በደንብ ሊያየው ከማይችለው ዳር ላይ ያለው። ወዲያው ቀይ ብርሃን ብታሳርፍበት ግን የተሰጠው ትዕዛዝ ይሰረዛል። ማብሪያና ማጥፊያ እንደማለት ነው። ተክሎች ፋይቶክሮም የሚሉት እንዲህ ያለ መቀበያ አላቸው፣ እዚህም ተመሳሳዩ አለ። ከሱ ሌላ ሰማያዊና ዩቪ ኤ የሚቀበል ለብቻው አለው።

አሁን ጋሼ የሚያውቁትን የቡና ጫካ አስቡ። ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይበላዋል፣ ሩቅ ቀዩን ግን ያሳልፈዋል። ከሳሳና ከዋንዛ ሥር የሚደርሰው ብርሃን ቀዩ የተለቀመ፣ ሩቅ ቀዩ የተረፈ ነው። ዛፍ ሥር ለሚኖር ፍጥረት ይህ ብዙ ይነግረዋል ብዬ አምናለሁ፣ ከቅርፊቱ ሥር ወጥቻለሁ ግን ገና ከዛፉ ሥር ነኝ እንደማለት። ይህ የመጨረሻው የኔ ሐሳብ ነው፣ የጀርመኖቹ ግኝት አይደለም።

—

የማና_ቡና · ሐምሌ 22

መምህርት ይባርክሽ። ጥላ ሥር ያለው ክምር ላይ የማላየውም ትኩር ብዬ ስላልፈለግኩ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ዞሬ እፈልጋለሁ። ለጎረቤቴም ኖራውን አስቆምኩት።

—

የአምስተኛ_ዓመት_ተማሪ · ሐምሌ 23

ቢጫው ብቻ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። ሌላ ወገን አለ፣ ዲክቲዮስቴሊየም ዲስኮይዲየም። ኬኔት ሬፐር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሰሜን ካሮላይና ጫካ ውስጥ ከበሰበሰ ቅጠል ያገኘው። እሱ በተናጠል አሜባ (ባለ አንድ ሴል ፍጥረት) ሆኖ ይኖራል። ሲራብ በኬሚካል ይጠራሩና በብዙ ሺህ ተሰብስበው አንድ ትንሽ ትል የሚመስል ነገር ይሆናሉ፣ ርዝመቱ ሚሊሜትር ገደማ። ያ ትል ከፋይሳረም በተቃራኒ ወደ ብርሃን ነው የሚሄደው፣ ደካማ ብርሃን እንኳ ይበቃዋል። የሚገርመው አካሉ ራሱ እንደ ሌንስ ብርሃኑን ከመጣበት በተቃራኒ ባለው ጎኑ ላይ ይሰበስበዋል፣ በዚያ ነው አቅጣጫውን የሚያውቀው። ደርሶ ሲቆም ከሴሎቹ አንድ አምስተኛ ያህሉ ግንድ ሆነው ይሞታሉ፣ ሌሎቹ ከላይ ስፖር ይሆናሉ።

ዩቪን በሚመለከት ደግሞ አሜባው ጠንካራ ነው፣ ዲኤንኤውን በመጠገን ስለሚታወቅ የጥገና ጥናት በብዛት የተሠራበት ነው።

—

ጂሬን_ዳገት · ሐምሌ 24

ተነሳ! የበረንዳው ተነሳ!

ሁሉም አይደለም። ክዳኑ ገርበብ ባለበት በኩል ፀሐይ ያገኘው ክፍል ሻጋታ ወርሮታል፣ እሱ ሞቷል። ከቅርፊቱ ሥር የነበረው ብርቱካናማ ግን ትናንት ማታ ለስልሶ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ቢጫ ምላስ አውጥቷል። የጥፍር ያህል። አጃ ሰጥቼዋለሁ።

መምህርት፣ ሲያድግልኝ በሥርዓት ልሞክረው ነው። እንዴት ላድርግ?

—

የባዮሎጂ_መምህርት · ሐምሌ 24

እንኳን ደስ አለህ። አራት ሳጥን አድርግ። አንዱን አብላውና ክዳኑን ግማሹን በፎይል ሸፍን። ሁለተኛውን አብላውና ሙሉ ብርሃን ላይ አኑረው። ሦስተኛውና አራተኛው አምስት ቀን በጨለማ ይራቡ፣ ከዚያ አንዱ ብርሃን ያግኝ ሌላው እዚያው ይቅር። መስኮት ላይ አድርግ፣ ግን ፀሐይ በቀጥታ እንዳታርፍበት። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ብርሃን፣ ሙቀትና መድረቅ ተደባልቀው ይመጣሉ፣ የበረንዳውን የገደለው የትኛው እንደሆነ መለየት ያልቻልነው ለዚህ ነው። ሶፍቱ አይድረቅ። ሰዓቱን ጻፍ።

—

ቤተሙከራ_ረዳት · ሐምሌ 24

ዩቪ መብራት ፈልገህ እንዳትገዛ። ያ መብራት ዓይን ያቃጥላል፣ ሲያቃጥል ወዲያው አይታወቅም፣ ከሰዓታት በኋላ ነው አሸዋ የገባበት የሚመስለው። ቆዳንም እንዲሁ። መሞከር ከፈለግህ ሁለት ቁራሽ ውሰድና አንዱን በመስታወት ሸፍን ሌላውን ክፍት ተው፣ ሁለቱንም ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ላይ አንሳፍፍና ጠዋት ሃያ ደቂቃ ብቻ ፀሐይ አሳያቸው። ሙቀቱ ስለሚቀንስ ልዩነቱ ዩቪው ይሆናል።

—

ጂሬን_ዳገት · ነሐሴ 11፣ ምሽት

ይቅርታ ጠፋሁ፣ እያደገ ነበር። የጻፍኩትን እንዳለ ላስፍርላችሁ።

አንደኛው፣ የበላውና ግማሹ በፎይል የተሸፈነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አጃውን መሃል ላይ አስቀመጥኩ፣ ሁለቱም ጎን እንዲደርሰው። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጫፉ በሙሉ ወደ ፎይሉ ዞሯል። በማግስቱ ብርሃኑ በኩል የቀረው የሄደበት መንገድ ብቻ ነው፣ ግልጽ የሆነ ልጋግ፣ ቀንድ አውጣ እንዳለፈበት። ፎይሉን ሳነሳ ሁሉም እዚያ ተሰብስቧል።

ሁለተኛው፣ የበላውና ሙሉ ብርሃን ላይ ያለው። እሱ መሸሻ የለውም። መጀመሪያ የሞተ መስሎኝ ነበር፣ ላዩ ላይ ምንም አይታይም። ሶፍቱን በወስፌ ጫፍ ከፍ ሳደርገው ከሥር ነው። አጃውንም ከታች በኩል ነው የበላው፣ ከላይ ያለው ቅርፊት ምንም አልተነካም። አላፈራም።

ሦስተኛው፣ የተራበውና በጨለማ የቀረው። ቢጫው ፈዘዝ ብሏል፣ ጅማቱ ቀጥኗል፣ ግን አለ። አላፈራም።

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። አምስት ቀን ተርቦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መስኮት ላይ አወጣሁት። እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ምንም የለም፣ እንዲያውም መላወሱ ቀንሷል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ጅማቱ እዚህም እዚያም ተቋጠረ፣ ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ዶቃዎቹ ወደ ላይ መቆም ጀመሩ። ቢጫ ናቸው፣ ራሳቸው ያብረቀርቃል፣ ሥራቸው ቀጥኗል። እናቴን ጠራኋት፣ አጉሊ መነጽሩን እየተቀባበልን አየን። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ተነስቼ ሳይ ራሳቸው ቡናማ ሆኗል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ጥቁር። ራሱ ድፍን አይደለም፣ በአጉሊ መነጽር ስታዩት የተጣጠፈ ነው፣ እንደ ለውዝ ውስጥ። ብርሃኑ ምሽት ላይ አልቆ ሳለ በጨለማ ጨረሰው፣ መምህርት ቁርጥ ይሆናል ያሉትን በዓይኔ አየሁ።

የመስታወቱንም ሞክሬዋለሁ። በሃያ ደቂቃው ሁለቱም ጫፋቸውን ሰበሰቡ። ማታ ሁለቱም ተዘረጉ። በዓይኔ ያየሁት ልዩነት የለም።

—

ቤተሙከራ_ረዳት · ነሐሴ 11፣ ማታ

እንዲህ ነው መጻፍ። የመጨረሻውም ጥሩ ውጤት ነው። የዩቪ ጉዳት በመጀመሪያ የሚታየው ኒውክለሶቹ በሚከፈሉበት ሰዓት ላይ ነው፣ መዘግየቱን ለማየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ሁለቱም የተሰበሰቡት ደግሞ መስታወቱ ዩቪ ኤውንና ሰማያዊውን ስላሳለፈ ይመስለኛል፣ የሚሸሸው እነሱን ነው ብዬ ነበር። ሁለቱንም አሳድጋቸው፣ ከሳምንት በኋላ እኩል ካደጉ ንገረን።

—

አጂፕ_አካባቢ · ነሐሴ 12

መርዝ ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ። የአራተኛው ሳጥን ፎቶ ካለህ ላክልን።

—

የማና_ቡና · ነሐሴ 12

ልጄ፣ ጥላው ሥር ፈልጌ አገኘሁ። ከክምሩ ጎን፣ ቅጠል ሸፍኖት፣ ትንሽ ነው፣ የእጅ መዳፍ አያክልም። እስከ ዛሬ ቅጠሉን ገልጬ አይቼ አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ጅማ መርካቶ እወርዳለሁ፣ ከነገለፈቱ በጣሳ አመጣልሃለሁ፣ ሳጥን አዘጋጅ።

—

ጂሬን_ዳገት · ነሐሴ 12፣ ማታ

ጋሼ እጠብቅዎታለሁ። እርጥብ ጨርቅ ደረብ ያድርጉበት፣ ክዳኑንም በደንብ ይግጠሙት፣ መንገድ ላይ ፀሐይ እንዳታገኘው። እናቴ ቁም ሳጥኑ ውስጥ የታችኛውን መደርደሪያ ለቃልናለች።